«ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነው»፦ በሐረርና በድሬዳዋ የብስክሌት መንገዶችን በደረጃ የመመደብ ጉዳይ

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ተራራማ አገር ለጀማሪም፣ ለአዛውንትም፣ ጉልበት ላለውም የሚሆኑ የብስክሌት መንገዶችን መርጠን በደረጃ ለመመደብ ያደረግነውን ሥራ ይመዘግባል። አራት ነበርን፤ ሐረር የሚሠሩ ሁለት አስጎብኚዎች፣ ድሬዳዋ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ወጣትና የጂኦግራፊ መምህር የሆንኩት እኔ። የማንንም ስም አልጠቅስም። በመጀመሪያው ጉዞ ሰው ተጎድቷል፤ የተጎዳውም በእኛ የደረጃ አሰጣጥ ስህተት ነው። ጉዳዩን ለመጻፍ የወሰንኩት ያው ስህተት ሌላ ቦታ እንዳይደገም ነው። ዳገትና ገደል ባለበት አገር ሁሉ ሊደገም የሚችል ስህተት ነውና።

አካባቢው

ሐረርና ድሬዳዋ በአስፋልት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ ነው የሚራራቁት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ በሜዳ ተዘርግታለች። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ከሁለቱ መካከል ያለው የሐረማያና የደንገጎ አገር ደግሞ ከሐረርም ይበልጣል። ስለዚህ ከሐረር ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የሚወርደው። መኪና ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ ይህን መውጣት አያስተውለውም፤ በብስክሌት ላይ ያለ ሰው ግን በጉልበቱ ይከፍለዋል።

ተራራውን ንቆ ማለፍ እንደማይቻል አካባቢው ከመቶ ዓመት በፊት አሳይቶ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ስላስቸገረ ሐዲዱ ተራራው ሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው። መሐንዲሶቹ ከመወሰናቸው በፊት ዳገቱን ለክተዋል። እኛ ሳንለካ ነው የተነሳነው።

ድሬዳዋ ሜዳ በመሆኗ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። በተለይ «ከዚራ» የሚባለው ሰፈር ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉና በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ስለሆኑ ልጅ ብስክሌት ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ሐረር ሌላ ዓለም ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች የእግረኛና የአህያ ናቸው፤ ከግንቡ ውጪም መሬቱ በየአቅጣጫው ይወርዳል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ የብስክሌት ካርታ ላይ ለማምጣት ስንነሳ ይህን ልዩነት እናውቀዋለን ብለን ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ

የመጀመሪያውን መስመር የመረጥነው በአንድ ምሽት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነው። ከሐረር ማለዳ ተነስቶ፣ በአወዳይና በሐረማያ አልፎ፣ ከደንገጎ ቁልቁል ድሬዳዋ መግባት። ውበቱ አያከራክርም። ደንገጎ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ከእግሩ ሥር ሜዳው እስከ አድማስ ተዘርግቶ ያየዋል። በማስታወቂያችን ላይ «ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነው፤ ለማንም ይሆናል» ብለን ጻፍን። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ከእነሱ መካከል ከትምህርት ቤት ወዲህ ብስክሌት ያልነካች ነርስ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛና ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ብስክሌቶቹ ከየቦታው የተሰበሰቡ ናቸው፤ ግማሾቹ ማርሽ የላቸውም። ከሐረር ወጥተን ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ የሌላቸው ወርደው መግፋት ጀመሩ። አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው ደርቶ ነበር። ጫት የጫኑ መኪናዎች ጭነታቸው ሳይጠወልግ ለማድረስ ስለሚጣደፉ መንገዱን ከእነሱ ጋር መጋራት ለጀማሪ የሚታሰብ አይደለም። ሰዓቱን እንኳ አላሰብንበትም ነበር። ደንገጎ ስንደርስ ሰው ሁሉ ደክሟል፤ ፀሐዩም ከሯል። ቀላል ነው ያልነው ቁልቁለት የጀመረው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው።

ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ የነርሷ የፊት ጎማ ፈነዳ። በቀኝ እጇ ተደግፋ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ከኋላዋ ይመጡ የነበሩት ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ብስክሌታቸውን ሆን ብለው ወደ ኮረብታው በኩል ጥለው ባይወርዱ ኖሮ በላይዋ ላይ ይወጡ ነበር። መኪና ለምነን ወደ ድሬዳዋ ወሰድናት። የቀረነው ብስክሌት እየገፋን ወረድን። ጋሼ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። መጨረሻ ላይ ብቻ «ሐዲድ ላይ ቁልቁለት ቀላል ነው የሚል ሰው አይቀጠርም» አሉን።

ጎማው ለምን ፈነዳ

የመጀመሪያው ግምታችን አሮጌ ጎማ ነው የሚል ነበር። ጠጋኙ ጓደኛችን ጎማውን ከፍቶ ካየ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነገረን። ጎማው ደኅና ነው፤ የፍሬኑ ላስቲክ ግን ቀልጦ ጠርዙ ላይ፣ ማለትም ጎማው በሚገጠምበት የብረት ክብ ላይ፣ ተጋግሯል። የውስጡ ጎማ የተቀደደውም ከጠርዙ በኩል ነው።

ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይገባል። ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ ቢያንስ 800 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። የዚህ መውረድ ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፈጥኖ የሚወርድ ሰው ብዙውን ለነፋስ ይሰጠዋል። ፈርቶ ፍሬን ይዞ ቀስ እያለ የሚወርድ ሰው ግን ሙቀቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ለፍሬኑ ላስቲክና ለጎማው ጠርዝ ይሰጣል። ጠርዙ ሲግል በጎማው ውስጥ ያለው አየር ይነፋል፣ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ጎማውም ከጠርዙ ሊወጣ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ ግኝት እኔን በጣም ረብሾኛል። ልምድ ያለው ሰው ፍሬን ይዞ ይለቃል፣ ከመታጠፊያ በፊት ይቀንሳል፣ ቀጥታው ላይ ይለቀዋል። ጀማሪ ግን ከላይ እስከ ታች እንደጨበጠ ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት የሚጎዳው በተለይ የሚፈራውንና የሚጠነቀቀውን ሰው ነው። «ለማንም ይሆናል» ያልነው መንገድ ይበልጥ አደገኛ የሆነው ለጀማሪዋ ነበር። መስመሩን አስቀድመው በብስክሌት የሞከሩት ሁለቱ አስጎብኚዎች ይህን ሊያዩት አይችሉም ነበር። እነሱ ሲወርዱ ፍሬናቸው አይግልም።

እንደገና መጀመር

ለሁለት ወር ጉዞ አቆምን። በዚያ ጊዜ ያደረግነው ነገር መንገዶቹን በእግር መሄድ ነው። በሌላው ዓለም የተራራ ብስክሌት መንገዶች በቀለም እንደሚመደቡ አውቅ ነበር፤ አረንጓዴ ቀላል፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ለአረንጓዴ መንገድ አማካይ ዳገቱ ከመቶ አምስት (በመቶ ሜትር ርቀት አምስት ሜትር ከፍታ) እንዳይበልጥ፣ ስፋቱም ከ90 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይመክራል። ለሰማያዊ አማካዩ እስከ አሥር ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ መነሻ ያዝናቸው።

የእጅ ስልክ የሚያሳየው ከፍታ ቦታ ሳንለቅ እንኳ ይለዋወጥብን ነበር። ስለዚህ ግንበኞች ወለል የሚያስተካክሉበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ተጠቀምን። ሃያ ሜትር ቱቦና የሴንቲ ሜትር ምልክት ያለበት ሁለት በትር በቂ ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቆማል፤ የውሃው ልክ ልዩነቱን ይናገራል። አድካሚ ነው፣ ነገር ግን አይዋሽም። መንገዱን ሁሉ አልለካንበትም። የከፉትን ቦታዎች ብቻ ለካን።

የከፉት ቦታዎች የት እንዳሉ ያሳዩን ግን ሌሎች ናቸው። በኤረር በር በኩል ወደ ሐረር እንጨትና አትክልት ተሸክመው የሚመጡ እናቶች በየመንገዱ ሸክም የሚያወርዱበት የታወቀ ቦታ አላቸው። አንዳንዱ የዛፍ ጥላ ነው፣ አንዳንዱ ሸክም በቁም ለማሳረፍ የሚመች ደልዳላ ድንጋይ። ጠጋኙ ኦሮምኛ ስለሚናገር አብሯቸው እየሄደ ጠየቃቸው። አንዲት እናት ቆጥራ ነገረችው፤ ከዚህ እስከዚያ አንድ ጊዜ እናርፋለን፣ ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ። በቱቦ ስንለካው ማረፊያዎቹ በተቀራረቡበት ሁሉ ዳገቱ ከመቶ አሥር በላይ ሆኖ አገኘነው። መንገዱን እነሱ ከእኛ በፊት በትከሻቸው መዝነውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአዲስ መስመር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሸክም የያዘ ሰው የት ያርፋል?» የሚል ሆነ።

ድንጋዮቹ

ከአስፋልት ውጪ ላሉት መንገዶች ምልክት ያስፈልጋል ብለን በየመታጠፊያው ድንጋይ ተክለን በሦስቱ ቀለማት ቀባን። ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ ወደ ኮረሚ በሚወስደው በኩል ሠላሳ ያህል ድንጋይ ነበር። ኮረሚ ከኤረር ሸለቆ በላይ ያለች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተሠሩ የአርጎባ መንደር ናት። መንገዷም የአካባቢው ቆንጆ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሳምንቱ ስንመለስ ድንጋዮቹ የሉም። አንዳንዱ ተነቅሎ ገደል ገብቷል፣ አንዳንዱ ቀለሙ ተፍቋል። የልጆች ሥራ መስሎን በአዲስ ተካን። እነሱም ጠፉ። በሦስተኛው ጊዜ ገበሬዎች መንገድ ላይ ጠበቁን። ቁጡ ነበሩ፣ ትክክልም ነበሩ። እኛ ቱቦ ይዘን እየለካን፣ ደብተር ላይ እየጻፍን፣ ድንጋይ እየተከልን ስናልፍ ያዩት መሬት ሊወሰድ ሲል የሚያዩትን ነው። አንድ ሽማግሌ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ በእኛ ዘንድ ድንጋይ የሚተከለው ወሰን ለመለየት ነው፣ የማንን ወሰን ነው የምትለዩት? አሉን።

ቀድመን ለቀበሌው ነግረን ነበር። ደብዳቤም ይዘናል። ደብዳቤውን ስናሳያቸው ጥርጣሬያቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ያደረግነው ቱቦውን አስቀምጠን፣ የቀሩትን ድንጋዮች በእጃችን ነቅለን፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን መስማት ነው። ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። የእነሱ ጥያቄ ከእኛ የበለጠ ተግባራዊ ነበር። ብስክሌት ሲመጣ ከብት ቢደነግጥ ማን ይከፍላል? በዘር ወቅት በማሳ ዳር ትሄዳላችሁ ወይ? ልጆቻችን ምን ያገኛሉ?

ከስምምነቱ በኋላ ምንም ምልክት አልተከልንም። መንገዱ የሚታወቀው ድሮም ባሉት ነገሮች ነው፤ በዋርካው፣ በመስጊዱ፣ በውሃ መቅጃው፣ በቁልቋል አጥሩ። በሁለት መንደር አራት ወጣቶች መንገድ መሪ ሆነው በየጉዞው ይከፈላቸዋል። በዘርና በአጨዳ ሰሞን መስመሩ ይዘጋል። ከብት ሲመጣ ብስክሌተኛው ወርዶ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ጠብ አልተነሳም። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የሁለት ወር ድካም በቀረልን ነበር።

ደረጃ አሰጣጡ

ከቀለሙ ሐሳብ የያዝነው ቁጥሮቹን ነው፤ ቀለሙን ግን ለመስመር በሙሉ መስጠት ተውን። አንድ መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ሜዳ ሆኖ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ገደል ቢኖረው በአማካይ ቀላል ነው ይባላል። የሚወድቀው ሰው ግን የሚወድቀው በሁለት መቶው ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩን የምንጠራው በከፋ ቦታው ደረጃ ሆነ። ከዚያ ሦስት ነገር እንጨምራለን፤ ሰው ቢደክም ከመሐል የሚወጣበት መኪና መንገድ አለ ወይ፣ ውሃ የት ይገኛል፣ በስንት ሰዓት መጠናቀቅ አለበት። ድሬዳዋ ላይ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። በበጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ 3 ሰዓት ያላለቀ ጉዞ፣ መንገዱ ምንም ሜዳ ቢሆን ቀላል አይባልም።

ለቀላሉ ደረጃ የመረጥነው የከዚራ ጎዳናዎችን ነው። ፈታኝ እንዲሆን የጠየቅነው በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት የሚነዳ አንድ ወጣት ነበር። ልጅ ሳለ በፖሊዮ እግሩ ተጎድቷል። ከእሱ የተማርነው በየትኛውም መመሪያ ላይ አላነበብኩትም። የዓለም አቀፉ ማኅበር 90 ሴንቲ ሜትር ለባለሁለት ጎማ በቂ ነው፤ የእሱ ግን በጭንቅ ነው የሚያልፍበት። ወደ ፊት ካለው ዳገት ይልቅ እሱን የሚያስፈራው ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ ነው፤ ወገቡን ይዞ ሚዛን መጠበቅ ስለማይችል ባለሦስት ጎማው ይገለበጣል። አንድ ቦታ መንገዱን ለመኪና ለመዝጋት የተተከለ የብረት ዘንግ አቁሞት ኖሯል። ዘንጉን ለማንሳት ፈቃድ አገኘን፤ ወደ ጎን ያዘነበሉትን ሁለት ቦታዎች ከመስመሩ አወጣን። ሴቶች ልጆች ለመልመድ የሚመጡት ሰው ገና መንገድ ላይ ሳይበዛ ስለሆነ የንጋቱን ሰዓት ለእነሱ ቅድሚያ ሰጠን።

ለመካከለኛው የኮረሚ መንገድ፣ ለከባዱ ደንገጎ ሆነ። ደንገጎን ከዝርዝሩ እናውጣው የሚል ክርክር ነበር። እኔ ይውጣ ካሉት ነበርኩ፤ ተሸነፍኩ፣ አሁን ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ሰው ያለ እኛም ይወርደዋል። ስለዚህ ቀርቷል፤ ግን ከሐረር ሳይሆን ከደንገጎ ተነስቶ፣ በማለዳ፣ ሁለት ፍሬን ላለው ብስክሌት ብቻ፣ በየተወሰነ ጥምዙ እየቆሙ ጠርዙን በእጅ እየዳሰሱ። እጅ የማያስነካ ጠርዝ ካለ እስኪበርድ ሁሉም ይቆማል።

ያልተሳካው

ሁለት ነገር ከሽፏል። አንደኛው የደቻቱ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ደረቅ፣ ሰፊና ከመኪና የራቀ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ መስሎን ነበር። ጎማ አሸዋው ውስጥ እየሰጠመ ጀማሪውን አደከመው። ከዚያ በላይ ግን ሐሳቡ ራሱ መነሳት አልነበረበትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ የሚዘንበው እላይ ተራራው ላይ ነው፤ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ይመጣል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ጋሼ ሐሳቡን ሲሰሙ ተቆጡ፤ በዚያው ቀን ሰረዝነው።

ሁለተኛው የሐረማያ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ውሃ ይሰጥ ነበር። ለመስኖና ለከተማ ብዙ ስለተሳበና ደለል ስለሞላው ከሃያ ዓመት በፊት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ ጀምሯል። በበጋ የሐይቁን ደረቅ ዳር ስናየው ከሐረር አቅራቢያ ሌላ ሜዳ ስለሌለ ለሐረር ልጆች ቀላል መስመር አገኘን ብለን ደስ አለን። ለካን፣ ከባለመሬቶቹ ጋር ተነጋገርን፣ ሞከርነው። በመስከረም ስንመለስ መንገዳችን ውሃ ውስጥ ነበር። ዳክዬ ይዋኝበታል። ጉዞው በመሰረዙ ከተከፉት ልጆች አንዱ ሐይቁን ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ፤ ረጅም ሰዓት ቆመን አየነው። በዚህ ምክንያት ሐረር እስካሁን የራሷ ቀላል መስመር የላትም። የጀጎልን ግንብ በውጪ መዞር ርቀቱ አጭር ቢሆንም ዳገትና ቁልቁለቱ ለጀማሪ አይሆንም፤ የባጃጁም ብዛት አለ።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ጎንደርም ሆነ ደሴ ወይም ሌላ ተራራማ ከተማ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ካለ አስቀድሞ የማሳስበው ፈታኙን በጥንቃቄ እንዲመርጥ ነው። መንገዱን የሚፈትነው ጎበዙ ሳይሆን መንገዱ ይሆናል የተባለለት ሰው መሆን አለበት፤ ቢቻል በራሱ ብስክሌት። ቀላል የተባለ መንገድ ደካማ ብስክሌት ይዞ ለሚመጣ ሰው ነውና፣ በጥሩ ብስክሌት የተሰጠ ደረጃ አይሠራም።

ደረጃው በሁለት ወቅት ካልታየ አይጽናም። የሐረማያው ትምህርት ይህ ነው። እሾህም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው አጥሩን በከረከመ ሰሞን የኮረሚ መንገድ በአንድ ቀን ዘጠኝ ጎማ አስተነፈሰን፣ ከዚያ በፊት በሦስት ወር ሁለት ብቻ ነበር። አሁን ከመነሳታችን በፊት መንገድ መሪዎቹን በስልክ እንጠይቃለን።

ከመሬት ጋር የተያያዘውን ነገር ደብዳቤ አይተካውም። ከመለካት በፊት መቀመጥ ይሻላል፤ ይህን የምለው የተከልኩትን ድንጋይ በእጄ ነቅዬ ነው።

አሁን ያለበት

ሦስቱ መስመሮች ይሠራሉ፣ በወር ሁለት ጊዜ እንወጣለን። የሐረሩን ቀላል መስመር ከሐይቁ ከፍ ባለው ዳር ለማውጣት እየሞከርን ነው፤ ሁለት ማሳ ማቋረጥ ስላለበት ንግግሩ አላለቀም።

ነርሷ ከሰባት ወር በኋላ ተመለሰች። ቀኝ አንጓዋ እንደ በፊቱ አይታጠፍም፣ ፍሬን አጥብቃ ልትይዝበት አትችልም። ጠጋኙ ሁለቱን የፍሬን ገመዶች በአንድ እጀታ አገናኝቶ ወደ ግራ አዞረላት። አሁን በየሳምንቱ እሑድ ንጋት ከዚራ ትመጣለች። አዲስ ቀላል መስመር ስናስብ ጋሼና እሷ ካልሄዱበት ዝርዝሩ ላይ አይገባም። ባለፈው ወር አንዱን ጥለውብናል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው አጭር ቁልቁለት አስፋልት ላይ ድንገት ትጥላለች ብለው ነው። ሄደን በቱቦ ለካናት፤ ከመቶ አሥራ አራት ነበረች።